ሌባ እጁ በሚቆረጥበት ዘመን በር ሳይዘጋ ይታደር ነበር?

ጥያቄው፦ «ባለፈው ወር የቤተሰባችን ሱቅ በሌሊት ተሰበረ። ሰብሮ የገባው ልጅ በማግስቱ ተያዘ። በሳምንቱ ግን በዋስ ወጥቶ ሰፈር ውስጥ ሲዞር አየሁት። አያቴ ‹ዱሮ ሌባ እጁ ይቆረጥ ስለነበር ሰው በሩን ሳይዘጋ ያድር ነበር› ትላለች። እውነት ነው? ቅጣት እንዲህ እየላላ የመጣው ለምንድን ነው?»

ወንድሜ፣ ከሁሉ በፊት አይዞህ። ሱቁ የተሰበረበት ሰው የሚያጣው ዕቃ ብቻ አይደለም፤ እንቅልፉንም ያጣል።

የወንጀል ሕግና የሕግ ታሪክ አስተምራለሁ። ይህን ጥያቄ ክፍል ውስጥም፣ ታክሲ ውስጥም፣ ለቅሶ ቤትም እጠየቃለሁ። መልሱ ረዘም ስለሚል ቡናህን ይዘህ ተቀመጥ።

አያትህ እጅ ይቆረጥ ነበር ማለታቸው ትክክል ነው። በር ሳይዘጋ ይታደር ነበር የሚለውን ግን የዱሮው ሥርዓት ራሱ አይመሰክርላቸውም። ሌብነት ብርቅ የሆነበት አገር ሌባሻይ አያስፈልገውም ነበር።

ሌባሻይን ምናልባት ሰምተህ ይሆናል። ዕቃ የጠፋበት ሰው ለሌባሻዩ አለቃ ያመለክታል። አለቃው ለዚሁ ሥራ የሚያሳድገው ለጋ ወንድ ልጅ አለው። ልጁ የሚያሰክር መድኃኒት በወተት ተበጥብጦለት ይጠጣል። ዓይኑ ይፈጣል፤ ይንገዳገዳል። ወገቡ ላይ ጨርቅ ይታሰርና አንድ ሰው ጫፉን ይዞ ይከተለዋል። ልጁ በየመንደሩ ይሮጣል፤ የሰው ቤት ይገባል፤ ይወጣል። በመጨረሻ ሄዶ የተዘረረበት ቤት ባለቤት ሌባ ተባለ ማለት ነው። የጠፋውንም ዕቃ ይከፍላል። ይህ በአፈ ታሪክ ዘመን የተደረገ አይደለም። 20ኛው ክፍለ ዘመን ከገባ በኋላም፣ አዲስ አበባ ውስጥ ሳይቀር ይሠራበት ነበር።

አውጫጭኝም ነበር፤ አንዳንድ ቦታ አፈርሳታ ይሉታል። ሌባው ወይም ቤት አቃጣዩ ሳይታወቅ ሲቀር የአገሩ ሰው ሁሉ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል። የቀረ ይቀጣል። ሥራው ይፈታል፤ ከብቱ ጠባቂ ያጣል፤ እርሻው ጾሙን ያድራል። ጥፋተኛው ካልተገኘ አገሬው በጋራ ይከፍላል። በእርሻ ወቅት ሦስትና አራት ቀን ሜዳ ላይ የተቀመጠ ገበሬ ምን ያህል እንደሚማረር አስበው።

ስለዚህ የዱሮውን ቅጣት ሳስብ መጀመሪያ የሚታየኝ ጭካኔው አይደለም። ሌባውን መያዝ አለመቻሉ ነው። ፖሊስ የለም፤ መርማሪ የለም፤ ሌሊቱ ጨለማ ነው። ከመቶ ሌቦች ጥቂቶቹ ሲያዙ የቀሩት እንዲፈሩ በእነዚያ በጥቂቶቹ ላይ ይከመርባቸዋል። የተቆረጠ እጅ ገበያ መሐል የሚዞር ማስታወቂያ ነበር።

ለመሆኑ እጅ መቁረጥ ከየት መጣ? ብዙ ሰው ከራሳችን ከጥንት የወረስነው ይመስለዋል። መንገዱ ግን ረጅም ነው። ነገሥታቱ የሚፈርዱበት ፍትሐ ነገሥት በ13ኛው ክፍለ ዘመን ግብፅ ውስጥ ኢብን አል-አሳል በተባለ የቅብጥ ሊቅ በዐረብኛ የተሰናዳ ነው። በእኛ ትውፊት ሠለስቱ ምዕት በኒቂያ እንደደረሱት ይነገራል፤ ወደ ግእዝ የተመለሰውም በአፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ነው ይባላል። ቅጣትን የሚመለከተው ክፍል ደግሞ በአብዛኛው የተቀዳው ከቢዛንታይን፣ ማለትም ከምሥራቅ ሮም መንግሥት፣ ሕግ ነው። የዚያ ሕግ አንዱ ሥር በ8ኛው ክፍለ ዘመን ቁስጥንጥንያ ውስጥ የወጣው ኤክሎጋ የሚባል ሕግ ነው።

ተማሪዎቼ ሲሰሙት የሚገረሙበት ነገር እዚህ ጋ አለ። የኤክሎጋ አውጪዎች ሕጉን ይበልጥ ሰብአዊ እንዳደረጉት መግቢያው ላይ ጽፈዋል። እጅና አፍንጫ መቁረጥ የያዘ ሕግ ነው እንግዲህ። ግን ከእነሱ በፊት በብዙ ጥፋት ላይ የተጣለው ቅጣት ሞት ነበር። ከሞት ወደ መቁረጥ ሲያወርዱት ነፍስ አተረፍን አሉ፤ ከልባቸው ነው የተናገሩት። ሌብነትን በተመለከተ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰረቀ ሀብታም የሰረቀውን መልሶ ዕጥፍ ይከፍላል። ድሃ ከሆነ ይገረፋል፤ ከአገር ይባረራል። እጁ የሚቆረጠው ሁለተኛ ሲደግም ነው። እንግዲህ በዚያ ዘመንም ቢሆን ሌባ ሁሉ እጁን አያጣም። ገንዘብ ያለው በገንዘቡ፣ የሌለው በጀርባው ይከፍል ነበር።

በእኛ ታሪክ ይህ ቅጣት በብዛት የተፈጸመበት ቀን ደግሞ ከሌብነት ጋር አይገናኝም። ከዓድዋ ድል በኋላ፣ በ1888 ዓ.ም.፣ ከጣሊያን ጎን ተሰልፈው የተማረኩ አስካሪ የሚባሉ ወደ 800 የሚሆኑ የኤርትራ ወታደሮች ቀኝ እጃቸውና ግራ እግራቸው ተቆረጠ። እንደ ከሃዲ ተቆጥረው ነው። ጣሊያኖቹ ምርኮኞች በእንክብካቤ ተያዙ፤ ኋላም አገራቸው ገቡ። ይህን ገጽ ሳስተምር ክፍሉ ጸጥ ይላል። የድሉ ታላቅነት ሳይቀንስ ይህም አብሮ መነገር አለበት ብዬ አምናለሁ። የእነዚያ ሰዎች ወንድሞች የኛም ወንድሞች ነበሩ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ቅጣት በታሪክ ውስጥ እንዴት ተለወጠ ሲባል ብዙዎቻችን የምንለካው በጭካኔ ነው፤ ዱሮ ከባድ፣ ዛሬ ቀላል። እኔ ግን ከዚህ የበለጠ የተለወጠው ሌላ ነገር ነው ባይ ነኝ። ቅጣቱ የማን ነው? ማን ይጠይቀዋል፣ ማን ይተወዋል? ትልቁ ለውጥ እዚህ ላይ ነው።

ነፍስ ግድያን ተመልከት። በዱሮው ሥርዓት የፈሰሰው ደም የሟች ቤተሰብ ነው። ዳኛው ይፈርዳል እንጂ ባለቤቱ እሱ አይደለም። ገዳዩ ለሟች ወገን ተላልፎ ይሰጣል። ሊገድሉት ይችላሉ፤ የደም ካሳ ተቀብለው ሊተዉትም ይችላሉ። ዳኛውም ካህኑም ካሳውን ተቀበሉ እያሉ ይለምኗቸዋል። የመጨረሻው ቃል ግን የእነሱ ነበር።

ሲነገር የኖረ አንድ ታሪክ አለ። አንድ ልጅ ዛፍ ላይ ወጥቶ ፍሬ ሲለቅም ወድቆ ታች የቆመውን ጓደኛውን ገደለው። የሟች እናት ዳኛ ፊት ቀርባ ደሜ ይመለስልኝ አለች። ካሳ ውሰጂ ተባለች፤ እምቢ አለች። ዳኛው ብዙ ለመናት። በመጨረሻ «መልካም። በገደለበት ሁኔታ ይገደል። ልጁ ዛፉ ሥር ይቁም። አንቺ ሌላውን ልጅሽን ዛፉ ላይ አውጪውና ላዩ ላይ ይውደቅበት» ብሎ ፈረደላት። እናትየው ካሳውን ተቀበለች።

ሰው ይህን ታሪክ የሚወደው ለዳኛው ብልሃት ነው። እኔ የማየው እናትየዋን ነው። ዳኛው «አይሆንም» ሊላት አልቻለም። መብቷ ነውና። ሊያደርግ የቻለው መብቷን ይዛ የት እንደምትደርስ ማሳየት ብቻ ነው።

ይህ መብት ሸክምም ነበር። ደም ያልመለሰ ወንድም አደባባይ ላይ ቀና ብሎ አይሄድም። አልቃሿም ታውቀዋለች፤ ግጥም ትደረድርበታለች። ደም ሲመለስ ደግሞ ሌላ ደም ይጠራል። ጋብቻ በመንደሩ ሁሉ የተሳሰረ ነውና ቢላው ዞሮ ዞሮ የሚያርፈው ቤት ውስጥ ነው። እንዲህ የተባለው በከንቱ አይደለም፦

የገደለው ባልሽ፣ የሞተው ወንድምሽ፣
ሐዘንሽ ቅጥ አጣ፣ ከቤትሽ አልወጣ።

ለዚህ ነው ሽማግሌና ካህን መሐል የሚገቡት። የገዳይ ወገን አንገቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሞ፣ ተንበርክኮ ይቀርባል። ካህናቱ መስቀል ይዘው ፊት ይቆማሉ። የሟች ወገን ፊቱን ያዞራል። ይመለሳሉ፤ እንደገና ይመጣሉ። ቀን ያልፋል፤ ሳምንት ያልፋል። አንድ ቀን ከሟች ወገን አንዱ እጁን ዘርግቶ ድንጋዩን ከአንገቱ ያወርድለታል። ያን ጊዜ ደሙ ደረቀ ይባላል። በኦሮሞ ጉማ፣ በሶማሌ መግ የሚባለው ሥርዓት በአካሄዱ ይለያል እንጂ የተሠራው ለዚሁ ችግር ነው። ብዙ ቦታ ዛሬም አለ። ፍርድ ቤት ፈርዶ፣ ገዳዩ ዓመታት ታስሮ ሲወጣ እንኳ ሽምግልናው ካላለቀ አገሩ መግባት አይችልም።

እስር ቤትስ? ይህን ስነግርህ ምናልባት ትገረም ይሆናል፤ እስር ቤት እንደ መደበኛ ቅጣት በጣም አዲስ ነገር ነው። ወህኒ የሚለውን ቃላችንን ውሰድ። ቃሉ ከአምባ ወህኒ ጋር የተያያዘ ነው። አምባ ወህኒ በጎንደር ዘመን ነገሥታት ወንድ ዘመዶቻቸውን ያኖሩበት ተራራ ነበር። ከዚያ በፊት ይህ ሥራ የግሸን አምባ ነበር። እዚያ የወጡት ሰዎች ወንጀል የሠሩ አይደሉም፤ ጥፋታቸው የንጉሥ ዘር መሆናቸው ነው። ለተራ ሌባ ዘብ መድቦ፣ ቀለብ ሰፍሮ ዓመታት የሚያኖር መንግሥት አልነበረም። ማን ያበላዋል?

ታዲያ ተከሳሹን እስከ ፍርዱ ድረስ የሚይዘው ማን ነው? ዋስ ነው። ዋስ ያጣ ደግሞ ቁራኛ ይገባል። ዛሬ «የአልጋ ቁራኛ ሆነ» የምንለው ቃል ምንጩ ይኸው ነው። ከሳሽና ተከሳሽ፣ ወይም አበዳሪና ተበዳሪ፣ እጅ ለእጅ በአንድ ሰንሰለት ይታሰራሉ። አንዳንዴም ነጠላ ለነጠላ ይቋጠራሉ። አብረው ይሄዳሉ፤ አብረው ይበላሉ፤ አብረው ይተኛሉ። አንዱ ለሽንት ሲነሳ ሌላውም ይነሳል። እስቲ አስበው፤ አንተና ሱቅህን የሰበረው ልጅ ለአንድ ወር እጃችሁ ተሳስሮ መርካቶ ለመርካቶ ስትዞሩ። የውጭ ተጓዦች ይህን አይተው ጽፈዋል፤ ፎቶም አንስተዋል። እኔን የሚነካኝ የከሳሹ ነገር ነው። ፍትሕ የፈለገ ሰው ነጻነቱን አብሮ ያስይዝ ነበር።

ስለዚህ ልጁ በዋስ መውጣቱ የዘመኑ ልፍስፍስነት እንዳይመስልህ። ዋስ ከእስር ቤት በዕድሜ ይበልጣል። ደግሞም ዋስ ቅጣቱን አያስቀርም። ልጁ ገና አልተፈረደበትም። የዛሬው ሕገ መንግሥት እስኪፈረድበት ድረስ እንደ ንጹሕ ሰው ይቆጠር ይላል፤ በሕግ ከተለዩ ሁኔታዎች በቀር የዋስ መብትም ይሰጠዋል። ይህን የሚያህል ነገር አባቶቻችን በአንድ ተረት ጨርሰውታል፤ «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ታሳዝነኛለች»።

እስር ራሱ ቅጣት የሆነው እንዴት ነው? እዚህ ላይ ወደ አሜሪካ ልውሰድህ። እ.ኤ.አ. በ1829 ፊላደልፊያ ውስጥ አንድ ትልቅ እስር ቤት ተከፈተ። ሐሳቡን የደገፉት ሰዎች ብዙዎቹ ኩዌከር የሚባሉ ሃይማኖተኞች ናቸው፤ ጅራፍና ስቅላት ያስመረራቸው። ወንጀለኛው ብቻውን በአንድ ክፍል ይቀመጥ፣ ሰው አያናግር፣ መጽሐፍ ቅዱስ ያንብብ፣ ንስሐ ይግባ አሉ። እስር ቤቱን የሰየሙበት የእንግሊዝኛ ቃልም፣ ፔኒተንሺየሪ የሚለው፣ ሥሩ ንስሐ ነው። አሳባቸው የገዳም ነበር። ግን መነኩሴ በዓቱን ወዶ ይገባል፤ እስረኛ ተዘግቶበት ነው። ብዙዎቹ አእምሯቸው ተቃወሰ። እንግሊዛዊው ደራሲ ቻርልስ ዲክንስ በ1842 ጎብኝቶት አእምሮን እንዲህ መነካካት ማንኛውንም ሰውነት ከማሠቃየት የከፋ ነው ብሎ ጻፈ።

የኛም ትልቁ እስር ቤት ስሙ የመነኩሴ ቃል መሆኑ ሁሌ ያስደንቀኛል፤ ዓለም በቃኝ። ሰው ዓለም በቃኝ ብሎ ይመንናል። አዲስ አበባ ላይ ግን ታስሮ የገባው ሰው ነው ዓለም በቃኝ የተባለው። ከርቸሌ የሚለው ሌላው ስም ደግሞ የጣሊያንኛ ነው፤ እስር ቤት ማለት ነው። ግቢው ዛሬ የለም። በቦታው ላይ እ.ኤ.አ. በ2012 የተመረቀው የአፍሪካ ኅብረት ዋና ጽሕፈት ቤት ቆሟል። በዚያ በኩል ባለፍኩ ቁጥር ከመስታወቱ ሥር ያለው መሬት ይታየኛል።

እስር የሚወስደው ዕድሜ ነው። እጅ አይወስድም፤ ጀርባ አያቆስልም። ስለማይታይም ቀላል ይመስላል። አንድ ሰው አምስት ዓመት ተፈረደበት ሲባል «አምስት ብቻ?» እንላለን። ልጁ የሁለት ዓመት ሕፃን ሆኖ ትቶት የገባ አባት ሲወጣ ልጁ ሰባት ዓመቱ ነው፤ አባቱን አያውቀውም።

«ግን ከባድ ቅጣት ሌባን አያስፈራም ወይ?» ትለኝ ይሆናል። ይህ በተግባር የተሞከረ ነገር ነው። እንግሊዝ በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ19ኛው መጀመሪያ ከ200 በላይ ጥፋቶችን በሞት የምትቀጣ አገር ሆና ነበር። ከመኖሪያ ቤት 40 ሽልንግ የሚያወጣ ዕቃ የሰረቀ ይሰቀላል። ምን ሆነ መሰለህ? የሚፈርዱት ተራ ዜጎች፣ ጁሪ የሚባሉት፣ ሰውን ለዕቃ መግደል ከበዳቸው። የተሰረቀው ዕቃ ምንም ያህል ውድ ቢሆን «39 ሽልንግ ያወጣል» ብለው ይፈርዱ ጀመር። እ.ኤ.አ. በ1827 ወሰኑ ወደ 5 ፓውንድ ሲነሳ እነሱም ግምታቸውን ወደ 4 ፓውንድ ከ19 ሽልንግ አነሱት! በ1830 ደግሞ የባንክ ባለቤቶች ለፓርላማ አቤቱታ አቀረቡ። ሐሰተኛ ሰነድ የሚሠራ ሰው መሰቀሉ ይቅር አሉ። አዝነውለት ብቻ እንዳይመስልህ። ቅጣቱ ሞት ስለሆነ ሰው አይመሰክርም፤ ጁሪው አይፈርድም፤ አጭበርባሪው በነጻ ይወጣል። ቅጣቱ እንዲቀንስ የጠየቁት የተዘረፉት ሰዎች ራሳቸው ናቸው።

ይህን ቀድሞ ያየው ቼዛሬ ቤካሪያ የሚባል ጣሊያናዊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1764፣ ገና በ26 ዓመቱ፣ ስለ ወንጀልና ቅጣት አንዲት ትንሽ መጽሐፍ አሳተመ፤ መጀመሪያ ስሙን ሳይጽፍባት። ወንጀልን የሚገታው የቅጣቱ ክብደት ሳይሆን መምጣቱ አለመቅረቱ ነው አለ። ሌባ ሰብሮ ሊገባ ሲል የሚያስበው «ስንት ዓመት ይፈረድብኛል?» ብሎ አይደለም፤ «እያዛለሁ ወይ?» ብሎ ነው። ያንተን ሱቅ የሰበረው ልጅ በማግስቱ መያዙ በዱሮ ዘመን ስንቱ ባለሱቅ የተመኘው ነገር ነው።

ወደ ቤታችን ልመለስ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በነገሡበት በ1923 ዓ.ም. የመጀመሪያው ዘመናዊ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ወጣ። በ1949 ዓ.ም. ደግሞ ዣን ግራቨን የተባሉ የስዊዘርላንድ ምሁር ያረቀቁት ሰፊ ሕግ ተተካ። ግርፋት ግን አልጠፋም። አንቀጽ 120ሀ ላይ አለ፤ ለከባድ ስርቆትና ለውንብድና። «ሀ»ዋ ኋላ የተጨመረች መሆኗን ራሷ ታሳብቃለች። ሕዝቡ ጅራፍ የሌለበት ሕግ ሕግ አይመስለውም ነበር። ስቅላትም በአደባባይ ቀጠለ። የታኅሣሡ ግርግር መሪ ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ በ1953 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ሕዝብ እያየ ተሰቀሉ። ቢያንስ ፍርድ ቤት ቀርበው ነበር። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ የረሸናቸው 60 ሰዎች ዳኛ ፊት እንኳ አልቆሙም። ከዚያ በኋላ የመጣውን ቀይ ሽብር አያትህ ከእኔ በላይ ያውቁታል። ሬሳ መንገድ ላይ፣ ደረቱ ላይ ጽሑፍ ተለጥፎበት። ልቅሶ ተከልክሎ። ስለዚህ ቅጣት ከጭካኔ ወደ ርኅራኄ ቀጥ ብሎ መጣ የሚልህ ሰው ካለ አትመነው። የ8ኛው ክፍለ ዘመን ቁስጥንጥንያ ቢያንስ በጽሑፍ ያስቀመጠው መለኪያ ነበረው።

አሁን የምንሠራበት ሕግ ከግንቦት 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸና ነው። ስሙን ልብ በል። የቀድሞዎቹ «የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ» ይባሉ ነበር፤ ይህ «የወንጀል ሕግ» ነው። ግርፋት የለም። የሞት ቅጣት አለ፤ ግን በአደባባይ፣ በስቅላት ወይም በሌላ ኢሰብአዊ መንገድ እንዳይፈጸም ይከለክላል፤ ርእሰ ብሔሩ ካላጸደቀውም አይፈጸምም። ጽኑ እስራት ከ1 እስከ 25 ዓመት፣ ሲከፋ ዕድሜ ልክ ነው። ጠባዩ ያማረ እስረኛ ከፍርዱ ሁለት ሦስተኛውን ሲጨርስ በአመክሮ ሊወጣ ይችላል። ወህኒ ቤቱም ማረሚያ ቤት ተብሏል። ማረም ለገበሬ ምን እንደሆነ ታውቃለህ፤ አረሙን ነቅሎ ሰብሉን ማትረፍ ነው። ቃሉ ያምራል። አንድ ክፍል ውስጥ ስንት ሰው እንደሚያድር ሳስብ ግን ገበሬው የት አለ እላለሁ።

የምቆጭበትን ደግሞ ልንገርህ። በዚህ ሁሉ መሻሻል መሐል አንድ ሰው ቦታውን አጥቷል፤ የተበደለው ሰው። ዱሮ ደሙም ዕቃውም የእሱ ነበር። ዛሬ ከሳሹ መንግሥት ነው። መዝገቡ ላይ የሚጻፈው ዐቃቤ ሕግና ተከሳሽ ነው። ለብዙ ዓመታት ችሎት ስመላለስ ያየኋቸው እናቶች አሉ። ልጃቸው የተገደለባቸው። ጥቁር ለብሰው ኋላ ወንበር ላይ ይቀመጣሉ። ቃላቸውን ከሰጡ በኋላ ማንም ምንም አይጠይቃቸውም። አንድ ጊዜ ፍርድ ተነቦ ሁሉም ሲወጣ አንዲት እናት ቁጭ እንዳሉ ቀሩ። «አለቀ እኮ እማማ» አልኳቸው። «የኔ ልጅ፣ ስንት አሉት?» አሉኝ። አማርኛ ነው የተነበበው፤ ግን ለእሳቸው የተነበበ አልነበረም።

ያንተም ንዴት፣ ልክ ከገባኝ፣ ልጁ እጁ ስላልተቆረጠ አይደለም። ሱቁ ያንተ ሆኖ ሳለ ልጁን መንገድ ላይ አየኸው እንጂ ይፈታል ብሎ የነገረህ የለም። ይህ ቅሬታህ ትክክል ነው፤ እጋራዋለሁ። መፍትሔው ግን ጅራፍ ወይም ቢላ አይደለም። የተበደለውን ሰው ወደ ችሎቱ መመለስ ነው።

አሁን ባለው ሕግም ትንሽ በር አለ። የወንጀል ሕጉ ተበዳዩ ካሳውን እዚያው የወንጀል መዝገብ ላይ እንዲጠይቅ ይፈቅዳል። ብዙ ሰው ስለማያውቀው አይጠቀምበትም። የጠፋውን ዕቃ ከነዋጋው በዝርዝር ጻፍ። የገዛህበት ደረሰኝ ካለ ሰብስብ፤ መዝጊያውን ያሳደስክበትንም ጨምር። ጉዳዩን ወደ ያዘው ዐቃቤ ሕግ ሂድና የካሳ ጥያቄ ማቅረብ እፈልጋለሁ በለው፤ ቀጠሮውንም ጠይቅ። ልጁ ለአካለ መጠን ያልደረሰ ከሆነ ግን በዚያ መዝገብ ላይ አይሆንም፤ በፍትሐ ብሔር ወላጆቹን መጠየቅ ትችላለህ። ምናልባት የሰፈሩ ሽማግሌዎች እነሱን ቀድመው ይዘውልህ ይመጡ ይሆናል። ቢመጡ በሩን ክፈትላቸውና ቡና አፍላ፤ የምትጠይቀውን ግን አስቀድመህ ጻፈው።